ንዝነዛና መታዘዝ በአንድ ደብተር

ቤታችን ውስጥ፣ ከመሶቡ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ አንድ የተማሪ ደብተር አለ። እያንዳንዱን ገጽ በማስመሪያ ለሁለት ከፍለነዋል። በግራ በኩል እግዚአብሔርን የለመንነውን እንጽፋለን። በቀኝ በኩል እሱ ያዘዘንን። እኔ ጎንደር ውስጥ በርበሬና ሽሮ እሸጣለሁ፤ ባለቤቴ ባጃጅ ይነዳል፤ ሦስት ልጆች አሉን። እናንተም ቤታችሁ እንድትሞክሩት፣ አጠቃቀሙን ልንገራችሁ።

የጀመርነው ሲጨንቀን ነው። መንገድ በተዘጋጋበት ሰሞን ባጃጁ ቆመ። የቤት ኪራያችን 4,000 ብር ነበር፤ እጃችን ላይ ያለው 1,500። እኔ በየማታው «ጌታ ሆይ አትርሳን» እላለሁ። በወሩ በሰባት፣ በሥላሴ ቀን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አስቀድሼ ስወጣ ለንስሐ አባታችን ጭንቀቴን አጫወትኳቸው።

«ልጄ፣ የጎደላችሁ ስንት ነው?» አሉኝ።

«2,500 ብር ነው አባ።»

«ታዲያ ለእሱም እንደዚሁ ንገሪው እንጂ! ለእኔ ቁጥር ትነግሪኛለሽ፤ ለእሱ ታድበሰብሻለሽ?»

ስለዚህ ከዚህ ጀምሩ፦ የምትፈልጉትን በስሙ ጥሩት። «ባርከን» ብሎ መተኛት ቀላል ነው። ቁጥር ሲጠራ፣ የሰው ስም ሲነሳ ግን ልብ ይፈራል፤ «ባይሆንስ?» ይላል። ድፍረት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሉቃስ 11 ላይ በእኩለ ሌሊት የወዳጁን በር ያንኳኳው ሰው «የሚቀመስ ነገር ካለህ» አላለም። ሦስት እንጀራ አለ። የተሰጠውም ስለ ንዝነዛው ነው ይላል ወንጌሉ። ንዝነዛ! እኛ ልጆቻችንን የምንቆጣበት ቃል። ጌታ ግን ጸሎትን አስተማረበት። እኔ ይህን ቃል በወደድኩት መጠን ሌላ ቃል አልወደድኩም።

ደፋር ጸሎት ማለት ግን ጩኸት አይደለም። የሳሙኤል እናት ሐና ስትለምን ከንፈሯ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። የኪራይ ቤት ግድግዳ ደግሞ ጎረቤት ያሰማል፤ እኛም በሹክሹክታ ነው የምንጸልየው።

ሰዓቱ ከእራት በኋላ ነው። አቡነ ዘበሰማያት እንላለን፤ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም እናነባለን። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው አንድ ልመና ይናገራል። ከትንሹ ልጅ ጀምሩ። አንደኛ እንቅልፍ ሳይጥለው ይናገራል። ሁለተኛ፣ እኛ ከቀደምን የእኛን ይደግማል እንጂ የራሱን አይለምንም። ከሩብ ሰዓት በላይ አታስረዝሙት።

አሁን ወደ ቀኝ በኩል እንምጣ፤ ብዙ ቤት የሚጎድለው እሱ ነው። ለምነን ስንጨርስ ለትንሽ ደቂቃ ዝም እንላለን። «አንተስ ምን ትለናለህ?» ብለን።

በዚያ ማታ 2,500 ብር ብዬ በግልጽ ለምኜ ዝም ስል፣ ልቤ ውስጥ የመጣው ገንዘብ አልነበረም። የባለቤቴ እህት ነበረች። በአማቴ ተዝካር ወጪ ተጣልተን፣ ሰው ፊት ክፉ ቃል ተናግሬያት፣ ከተዘጋጋን ዓመት ከአራት ወር ሆኖናል። «እኔ እኮ ይቅር ብያታለሁ» እል ነበር ለጠየቀኝ ሁሉ። ማቴዎስ 5 ላይ ያለውን ሳነበው ግን ሌላ ነው የሚለው። መባህን ይዘህ ስትቀርብ ወንድምህ ባንተ ላይ ቅሬታ እንዳለው ካሰብክ፣ መባውን ትተህ መጀመሪያ ሂድ ታረቅ ነው የሚለው። የእኔን ቅያሜ አይደለም የጠየቀኝ፤ የእሷን ነው።

በማግስቱ አንድ ኪሎ ሽሮ ቋጥሬ አዘዞ ወረድኩ። በሩን ከፍታ አየችኝ። ቶሎ «ግቢ» አላለችኝም። «በደልኩሽ፤ ሰው ፊት አዋረድኩሽ» አልኳት። ምክንያት ልጨምር ስል ዋጥኩት። ይህን ልብ በሉ፦ ይቅርታ ስትጠይቁ «ግን አንቺም እኮ» የምትለዋን ነገር እዚያው ዋጧት። ቡና አፈላች። አቦሉን ዝም ብለን ጠጣን። ቶናው ላይ አለቀሰች፤ እኔም። በረካው ሳይደርስ መሸ፤ ታክሲ እንዳላጣ ተነሳሁ። ገንዘብ አላበደረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ማታ ግን ስንጸልይ ቀና ብዬ ለመንኩ። ልዩነቱን በአፍ ለማስረዳት ይከብደኛል። ከዚያ በፊት ስለምን ፊቴን ሸሽጌ ነበር።

ባለቤቴም የራሱ ታዘዘው። አከራያችን ሲደውሉ ስልክ ያጠፋ ነበር። በዚያው ሳምንት ራሱ ሄዶ እውነቱን ነገራቸው፤ ሁለት ሳምንት ታገሱን። ዐቢይ ጾም ሊገባ ስለነበር ሽሮ ፈላጊው ገበያውን ሞላው። 55 ቀን የሚጾም ቤት አስቀድሞ ይሸምታል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ኪራዩን ሞላን። ገንዘቡ በገዛ ድካማችን መጣ የሚል ይኖራል። እኔ ግን ማን እንደሰጠን አውቃለሁ።

በቀኝ በኩል ምን ይጻፋል ብላችሁ አትጨነቁ። አብዛኛው ወንጌል ላይ ያለ ነው፦ መታረቅ፣ የሰው ገንዘብ መመለስ፣ እውነት መናገር፣ ለተቸገረ ማካፈል። እንግዳ ሐሳብ ከመጣባችሁ፣ ለምሳሌ «ያለህን ሁሉ ሽጥ» የሚል፣ ለንስሐ አባታችሁ ሳትነግሩ አትነሱ። ስለት ካለባችሁም ቶሎ አግቡ፤ መክብብ 5 አትዘግይ ይላል። ስለት ግን የቀኙን በኩል አይተካም። ለኪዳነ ምሕረት ጥላ ሰጥቶ ከወንድም ጋር ተኳርፎ መኖር አይሆንም። የታመመ ካለ ጠበሉንም ሐኪሙንም ያዙ፤ መድኃኒቱን አታቋርጡ። ሲራክ 38 ሐኪምን አክብር ብሎናል።

ሳይመለስ የቀረ ልመናም አለን። እናቴ። አንድ ዓመት ሙሉ ስሟን በግራ በኩል ጻፍን። ጥቅምት ላይ አረፈች። ደብተሩን ለሁለት ሳምንት አልነካሁትም። በኋላ ትልቋ ልጄ የታኅሣሥ ገብርኤልን ታሪክ አስታወሰችኝ፤ ሠለስቱ ደቂቅ እሳቱ ፊት ቆመው አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ ባያድነንም እንኳ ለጣዖቱ አንሰግድም ያሉትን። «ባያድነንም» የምትለዋ እዚያው ድፍረታቸው ውስጥ አለች። እኔ እስከዚያ ቀን አላየኋትም ነበር። ከእናቴ ስም ትይዩ በቀኝ በኩል «አስታመምናት» ተብሎ ተጽፏል። የግራውን መስመር አልሰረዝኩትም። እናንተም አትሰርዙ፤ አልቅሱበት፣ ጠይቁት፣ ደብተሩን ግን አትዝጉ።

ሰሞኑን ትንሹ ልጃችን የለመነው «ውኃ ይምጣልን» ብሎ ነው። እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው፤ 11 ቀን ሆኖት ነበር። አንድ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ቧንቧው ሲንፎለፎል ሁላችንም ተነሳን። ባለቤቴ ባልዲውን ሊደቅን ሲል ልጁ እጁን ያዘውና «አባዬ፣ በቀኝ በኩል ምን እንጻፍ?» አለው። ጎረቤታችን ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ ተነስተው መቅዳት አይችሉም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጀሪካኖች በራቸው ላይ ተቀመጡ። ጠዋት ደብተሩን ስገልጠው በግራ «ውኃ» ይላል፣ በቀኝ «2 ጃሪካን ለእማማ»። ራሱ ነው የጻፈው፤ «ጀ»ን «ጃ» አድርጎ።