ከአዴሌና ከጢኒቄ ዳርቻ ወፍ እንዴት ይታያል

ከድሬዳዋ በሐረር ሚኒባስ ተሳፍረው ደንገጎን ሲያልፉ አዴሌ፣ ቀጥሎም ሐረማያ ይመጣል። ትልቁን የሐረማያ ሐይቅ ሁሉም ያውቀዋል። ወፍ ለማየት ግን እንደ አዴሌና ጢኒቄ ያሉት ትናንሾቹ ሐይቆች ይሻላሉ፤ ውሃው ጠባብ ስለሆነ ወፉ ከዓይን አይርቅም። አስቸጋሪው ዳርቻው ጋ መድረስ ነው። ከአስፋልት ወርዶ በማሳ መካከል በእግር መግባት ይጠይቃል፤ ዳርቻው ራሱም እንደ ዝናቡ መጠን ይሸሻል፣ ይመጣል። ሐረማያ እንኳ በ1990ዎቹ ማብቂያ ደርቆ ዓመታት ከቆየ በኋላ ነው መልሶ ውሃ የያዘው። ስለዚህ በስልክ ካርታ ላይ ያለውን ሰማያዊ ቀለም አይመኑ። ማሳው ላይ ያገኙትን ገበሬ ይጠይቁ፤ በኦሮምኛ «ሃሮ» ሐይቅ፣ «ሲምቢራ» ወፍ ነው።

ጥሩው ጊዜ ከመስከረም እስከ መጋቢት ነው፤ ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡት ወፎች ያኔ ዳርቻውን ይሞሉታል።

ባይኖኩላር 8 በ42 ይበቃል፤ 8 የማቅረብ አቅሙ፣ 42 የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። «20 በ50» የተጻፈባቸውን ርካሾች አይግዙ፤ እጅ ትንሽ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ወፉ ከዓይን ይጠፋል፣ በንጋት ብርሃንም ምስላቸው ይጨልማል። ቦት ጫማ፣ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ዱላ፣ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ ይያዙ። ቦታው 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ለድሬዳዋ ሰው ንጋቱ ይበርዳል፤ ነጭ ጋቢ ግን ከሩቅ ስለሚታይ ቡናማ ጃኬት ይሻላል። መርሊን የተባለው የወፍ መለያ የስልክ መተግበሪያ ይረዳል፤ የአካባቢውን የወፍ ዝርዝር ከቤት ሳይወጡ ያውርዱት።

ወደ ጫት ማሳ ገና ሳይነጋ አይግቡ። ጫት በሌሊት ይጠበቃል፤ ቦርሳ ያዘለ እንግዳ በጨለማ ሲመጣ ሌባ ነው ተብሎ ቢያዝ ጠባቂው አይወቀስም። ብርሃን ሲሆን ይግቡ፣ ቀድመው ሰላምታ ይስጡ፣ ባይኖኩላሩን ለጠባቂዎቹ ያሳዩ፣ በቦይ ጠርዝ እንጂ በተክል ላይ አይራመዱ። መታወቂያ ይያዙ።

አሁን ዋናው ነገር፣ የሚቀመጡበት ቦታ። ጠዋት በምሥራቅ ዳርቻ ሆነው ወደ ምዕራብ ይመልከቱ፤ ፀሐይ ከጀርባ ትሆናለች። በተቃራኒው ከተቀመጡ ውሃው ያንጸባርቅና ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆናል፤ የእግር ቀለም ካልታየ ደግሞ ግማሹን መለየት አይቻልም። ከ12:30 እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ምርጡ ነው። ከዚያ በኋላ መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ይንቀለቀላል፤ የትኛውም መነጽር አያድንም። ከሰዓት ለሚሄድ ከ10 ሰዓት በኋላ ምዕራቡ ዳርቻ ይሻላል።

ወደ ውሃው የሚጠጉት ጭቃውን አንብበው ነው። ውሃ የሸሸበት መሬት ከላይ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ ከሥር ግን ገና ሊጥ ነው። ስንጥቁ ውስጥ ይመልከቱ፦ እስከ ታች ግራጫና አቧራማ ከሆነ ይሸከማል፤ ውስጡ ጠቁሮ የሚያብለጨልጭ ከሆነ አይሸከምም። የከብት ኮቴም ይናገራል፤ ኮቴው ውስጥ ውሃ ካቆረ እዚያው ይቁሙ። በዱላው ይውጉት፤ ያለ ጉልበት ከአንድ ስንዝር በላይ ከገባ ይመለሱ። እግር ከሰመጠ ቀጥ ብሎ መጎተት ጫማውን ያስቀራል፤ ተረከዙን ወዲያ ወዲህ እያወዛወዙ አየር ማስገባት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ማውጣት ነው። ባዶ እግር ውሃ ውስጥ መግባት ፈጽሞ አይገባም፤ የቢልሃርዚያ ስጋት አለ።

ቦታውን ካገኙ ይቀመጡና ቢያንስ 20 ደቂቃ አይንቀሳቀሱ። የመስኖው ሞተር ድምፅ አያስጨንቅዎ፤ ወፎቹ ለምደውታል። የሚያስበረግጋቸው ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ነው። እየተከተሉ መጠጋት የሁሉም ጀማሪ ስህተት ሲሆን፣ አንዱ ሲነሳ መንጋው አብሮ ይነሳል፤ ከሩቅ በርሮ መጥቶ የሚመገብ ወፍም ጉልበቱን በከንቱ ይጨርሳል።

ፍላሚንጎ ካለ ምንቃሩን ይዩ፤ ትልቁ ዝርያ ጫፉ ብቻ የጠቆረ ሮዝ ምንቃር አለው፣ የትንሹ ከሩቅ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ይመስላል። የሚያደናግሩት ጭቃ ላይ የሚሯሯጡት ትናንሾቹ ናቸው። በቅድሚያ እግር፣ ቀጥሎ ምንቃር፣ በመጨረሻ ላባ። ድንቢጥ የምታህል፣ ጥቁር እግርና አጭር ቀጭን ምንቃር ያላት አንድ ዓይነት ናት። ቢጫማ እግር፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ጀርባና ጎልቶ የሚታይ ነጭ ቅንድብ ያለው ሌላ ነው። ጅራቱን ሳያቋርጥ የሚያወዛውዝና የደረቱ ነጭ በክንፉ ፊት ወደ ላይ የሚወጣ ደግሞ ሦስተኛው። መርሊን በእነዚህ ላይ ከደበዘዘ ፎቶ ተነስቶ ይሳሳታል፤ ምልክቶቹን በዓይን ሳያረጋግጡ ስም አይቀበሉ።

መንጋ ሲቆጥሩ አሥር ወፍ ይቁጠሩና የያዙትን ስፋት በዓይን ይለኩ፣ ያን ስፋት በቀረው ላይ እየደጋገሙ ያስኪዱ፤ በሁለት አቅጣጫ ቆጥሮ ማነጻጸር ደግሞ ስህተቱን ያሳያል። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ውሃው የደረሰበትን ምልክት፣ ለምሳሌ ከየትኛው ዛፍ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ፣ እዚያው ይጻፉ። ያልለዩትን ወፍ በግምት ስም አይስጡት፤ «ትንሽ፣ ጥቁር እግር፣ 14 ወፍ» ብሎ መጻፍ ይበቃል።