የፍየል መኮሮኒ በፎርኖ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ማዕድ ቤት

በሌላ አገር የአጋዘን ወይም የሚዳቋ ሥጋ ከፓስታ ጋር በፎርኖ ይሠራል። እዚህ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ስለሆነ ፍየል ይተካዋል፤ የሚቀርም ነገር የለም። የዱር ሥጋ ጠባዩ ጮማው ማነሱ፣ ጅማቱ መብዛቱና ጠረን ያለው መሆኑ ነው። ዳገት ቁልቁለት ሲል የኖረ የቆላ ፍየል፣ ለምሳሌ ከባቲ የሰኞ ገበያ የመጣው፣ ሦስቱንም ያሟላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላባት 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቁልቁል ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ (1,850 ሜትር ገደማ) ወደ 94 ይጠጋል፤ በባሕር ዳርቻ 100 ነው። ስለዚህ ከውጭ የመጣ አሠራር «አንድ ሰዓት ተኩል ይቀቀል» ያለው ሥጋ ደሴ ላይ ገና ጎማ ነው። እሳት ቢጨምሩበት አይፈጥንም፤ የፈላ ውሃ ከዚያ በላይ አይሞቅምና የሚያልቀው ውሃውና ከሰሉ ብቻ ነው።

ለስምንት ሰው የሚበቃው፦ አጥንት የሌለው የፍየል ወርች 1 ኪሎ፣ መኮሮኒ 500 ግራም፣ መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት 4 ራስ፣ ነጭ ሽንኩርት 6 ፍንካች፣ ቲማቲም ግማሽ ኪሎ፣ ሳልሳ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ዘይት፣ ኮምጣጤ፣ ዝንጅብል፣ የጥብስ ቅጠል፣ ቁንዶ በርበሬና ጨው። ለነጩ ስጎ 60 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 60 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 750 ሚሊ ሊትር ወተትና ትንሽ ገውዝ። ለላዩ 150 ግራም የተፈቀፈቀ ፎርማጆ። ታፋ ከወርች ያምራል፣ ግን ይደርቃል፤ ወርቹ ጅማቱ ሲቀልጥ ስጎውን ያወፍረዋል።

ሥጋው። የፍየል ጠረን የሚበዛው ከላይ ባለው ስብና ስስ ሽፋን ላይ ስለሆነ ሁለቱንም በቢላ ገፍፎ መጣል ነው። በ3 ሳንቲ ሜትር ይቆረጥና በ2 የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ፣ በተወቀጠ ዝንጅብልና በግማሹ ነጭ ሽንኩርት ታሽቶ ለሁለት ሰዓት ይቀመጣል። ማሳደር የፈለገ ኮምጣጤውን ወደ አንድ ማንኪያ ይቀንስ፤ ሲበዛበት የሥጋው ላዩ ዱቄት ዱቄት ይላል። (ፈረንጆቹ እዚህ ላይ ወይን ያደርጋሉ፤ ኮምጣጤው ሥራውን ይሠራል።)

ከዚያ በጨርቅ በደንብ ይደረቅና በጋለ ዘይት በሦስት ዙር ይጠበስ። ሁሉንም አንዴ ድስት ውስጥ ከገለበጡት ውሃ ይተፋል፣ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ሥጋው ወጥቶ በዚያው ድስት ሽንኩርቱ ለ15 ደቂቃ ይቁላላ፤ ቀሪው ነጭ ሽንኩርትና ሳልሳው ገብተው ለሦስት ደቂቃ ይጠበሱ፤ የሳልሳው ጥሬ ጣዕም የሚጠፋው ያኔ ነው። ቲማቲሙ፣ ሥጋው፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠልና 1 ሊትር ሙቅ ውሃ ይከተላሉ። ተከድኖ በቀስታ እሳት ኮምቦልቻ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ደሴ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። በፕሬዠር ድስት ከ45 እስከ 55 ደቂቃ ይበቃል፤ ውሃውን ግን ወደ ግማሽ ሊትር ይቀንሱ። በሹካ ሲነካ ከተፈታ ደርሷል፤ እዚያው ድስቱ ውስጥ ይበጣጠስ። ስጎው ለእንጀራ ከሚሆነው ወጥ ቀጠን ይበል፤ መኮሮኒው ይጠጣዋል። ደረቅ ፎርኖ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው።

መኮሮኒው። 5 ሊትር ውሃ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው። ፓኬቱ 10 ደቂቃ ካለ ኮምቦልቻ በ8፣ ደሴ በ9 ደቂቃ ቅመሱት፤ ሲነከስ መሐሉ ላይ ነጭ ነጥብ ሲታይ ይጠለላል። በቀዝቃዛ ውሃ አይለቅለቅ፤ ስጎ አይዝለትም።

ነጩ ስጎ። ቅቤው ቀልጦ ዱቄቱ ለሁለት ደቂቃ ሳይጠቁር ይታመስ። ቀዝቃዛው ወተት በትንሽ በትንሹ እየገባ ይማሰል፤ አንዴ ከፈሰሰ ይጓጉላል (ከጓጎለ በወንፊት ማጥለል ነው)። ማንኪያ ላይ ሲያዝ ገውዝና ጨው ተጨምሮ ይውጣ።

መደርደር። ቅቤ በተቀባ፣ 25 በ35 ሳንቲ ሜትር በሆነ ትሪ ሥር አንድ ጭልፋ ስጎ ይፈስሳል። መኮሮኒው ከቀረው የሥጋ ስጎና ከሲሶው ነጭ ስጎ ጋር ተደባልቆ ይገባል፤ የተረፈው ነጭ ስጎና ፎርማጆው ከላይ። አይብ ፎርማጆን አይተካም፣ አይቀልጥምና፤ ውሃው ተጨምቆ በመሐል ቢነሰነስ ግን ይጣፍጣል። የክርስቲያንም የሙስሊምም እንግዳ ያለበት ቤት ስጎውን ከመነሻው በሁለት ድስት፣ ፎርኖውንም በሁለት ትሪ ይሥራ፤ ጭልፋውም ይለያይ።

መጋገር። ቀድሞ በጋለ ኦቨን፣ 190 ዲግሪ፣ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ። ኦቨን ከሌለ እንደ ድፎ ዳቦ ከላይና ከታች እሳት፦ ወፍራም ብረት ድስት ውስጥ ተደርድሮ፣ ጠርዝ ባለው የብረት ክዳን ተከድኖ፣ ከፍሙ ሦስት እጁ ክዳኑ ላይ፣ አንድ እጁ ከታች። ድፎ የለመደ እጅ ሥሩን ማጋል ይወዳል፤ እዚህ ያ አይሆንም፣ ሥሩ ያለው ስጎ ቶሎ ያራል። በ20ኛው ደቂቃ ከፈት አድርጎ ማየት ነው፤ ዳር ዳሩ ሲንተከተክና ላዩ ወርቃማ ሲሆን ይወጣል።

ሳይቆረጥ 15 ደቂቃ ይረፍ፤ ትኩሱን የቆረጠ ሰው በማንኪያ ሊያነሳው ነው። ለነገ የተረፈው ሁለት ማንኪያ ወተት ተረጭቶበት፣ ተከድኖ ይሙቅ።