ጉፒ ዓሣን በአኳሪየም ማርባት

ጉፒ እንቁላሉን ውጭ የሚጥል ዓሣ አይደለም። እንቁላሉ በእናቲቱ ሆድ ውስጥ ያድግና ጫጩቶቹ መዋኘት እንደቻሉ ይወለዳሉ። ስለዚህ ማዋለዱ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት የሚጠይቁት ውሃውን ማዘጋጀትና የተወለዱትን ማትረፍ ናቸው።

ለጀማሪ 40 ሊትር ገደማ የሚይዝ ገንዳ ይበቃል። ማጣሪያው የስፖንጅ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ጫጩት ስቦ አያስገባም። በማሞቂያና በቴርሞሜትር ሙቀቱን ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያቆዩት። በቧንቧ ውሃ ላይ ክሎሪን የሚያጠፋ ጠብታ ይጨምሩበት።

ዓሣውንና ገንዳውን ግን በአንድ ቀን አይግዙ! የዓሣ ኩስና የተረፈ ምግብ ወደ አሞኒያ ይቀየራል፤ አሞኒያ ደግሞ ዓሣን ይመርዛል። እሱን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ላይ እስኪበዙ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያው ውሃ ተሞልቶ ዓሣ ያልገባበት ገንዳ ውስጥ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይጣሉ። በውሃ መመርመሪያ ሲለኩ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ከሆኑና ናይትሬት ከታየ ገንዳው ደርሷል።

ወንዱ አነስ ያለ፣ ጅራቱ ሰፊና ባለብዙ ቀለም ነው፤ ሴቷ ትልቅና ደብዛዛ ናት። ወንዱ ሴቷን ያለ ዕረፍት ስለሚያሳድዳት ለ1 ወንድ 2 ወይም 3 ሴቶች ያድርጉ።

ያረገዘች ሴት ሆዷ ይነፋል፤ ከሆዷ ኋላ ያለው ጥቁር ነጥብም ይጎላል። ወር ገደማ ቆይታ ትወልዳለች። የወንዱን ዘር ለወራት በሰውነቷ ማቆየት ስለምትችል፣ ብቻዋን የተገዛች ሴት ደጋግማ ብትወልድ አይደነቁ። አንድ ቀለም ለይቶ ማርባት የሚፈልግ ሰውም ከወንድ ጋር ባልዋለች ሴት መጀመር አለበት።

እናትየዋ ልጆቿን ትበላለች። ጠባብ የማዋለጃ ሣጥን ያስጨንቃታልና እኔ አልመክረውም፤ ጃቫ ሞስን የመሰለ ጥቅጥቅ ያለ ተክል የተሻለ መደበቂያ ነው። ለጫጩቶቹ በደንብ የደቀቀ ምግብ ወይም አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ (በጨው ውሃ የሚኖር ሽሪምፕ መሰል ደቃቅ እንስሳ) በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይስጡ።

በየሳምንቱ ከውሃው ሩብ ያህሉን ይቀይሩ። ስፖንጁን ከገንዳው በቀዱት ውሃ ይጠቡ፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ባክቴሪያዎቹን ይገድላል።

ጫጩቶቹ ወር ሊሞላቸው ሲል በየቀኑ ይመልከቷቸው። የወንዱ የታችኛው ኋላ ክንፍ እየቀጠነ እንደ ዘንግ ይሾላል። ምልክቱን እንዳዩ ወንዶቹን ወደ ሌላ ገንዳ ያውጡ፤ ካልሆነ እህቶቻቸውን በጨቅላነታቸው ያስረግዛሉ። ዓሦቹ ሲበዙ ለሌላ አርቢ ይስጡ እንጂ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አይልቀቁ፤ ጉፒ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ በገባባቸው ብዙ አገሮች የአገሬውን ዓሦች ተሻምቷል።