አረንጓዴው ዱቄት ለምን ይመላለሳል? የጥንት ሳንቲም ሲታመም

ምልክት፦ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ደህና የነበረ የአክሱም ነሐስ ሳንቲም ላይ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ወጣ። በቡሩሽ ሲነኩት ይረግፋል፤ ሥሩ እንደ ተበላ ጥርስ ተቦርቡሯል። ከተጠረገ በኋላም ተመልሶ ይመጣል።

አረንጓዴ ሁሉ በሽታ አይደለም። ጠንካራውና ጠቆር ያለው ሽፋን የሳንቲሙ ቆዳ ነው። የንጉሡ መልክና ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ያሉት እሱ ላይ ስለሆነ አይነካም። እንደ ድስት በሎሚና በአመድ የሚፈገፍጉት ሰዎች አሉ። ሳንቲሙ ያብለጨልጫል፣ ንጉሡ ግን የለም።

ምክንያት፦ ጨው። ሳንቲሙ አፈር ውስጥ ሳለ ከጨው የሚመጣውን ክሎራይድ ጠጥቷል። ክሎራይዱ ከመዳቡ ጋር ተዋህዶ ከዝገቱ ሥር ተኝቶ ይቆያል። እርጥበትና ኦክስጅን ሲደርሱት ወደ ዱቄት ይለወጣል፤ እግረ መንገዱን አሲድ ይፈጥራል። አሲዱ ያልተነካውን መዳብ ይበላና ክሎራይዱ እንደ አዲስ ይሠራል። ዙሩ በራሱ አይቆምም። ባለሙያዎች «የነሐስ በሽታ» የሚሉት ይህንን ነው።

ለማረጋገጥ ከዱቄቱ ቅንጣት ውሰዱ። በተበረዘ ናይትሪክ አሲድ አሟሙትና ሲልቨር ናይትሬት ጠብ አድርጉበት። እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ከደፈረሰ ክሎራይድ አለ። የቧንቧ ውሃ ግን እንዳትጠቀሙ፤ እሱ ራሱ ክሎራይድ ስላለበት ጤነኛውን ሳንቲም በሽተኛ ያስብላችኋል።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ ማድረቅ። በደንብ በሚገጥም የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ከደረቀ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ቅንጣት) ጋር አስቀምጡትና አንጻራዊ እርጥበቱን ከ40 በመቶ በታች አውርዱ። ይህ ብቻውን በሽታውን ያስተኛዋል። ቀጥሎ ዱቄቱ በማይክሮስኮፕ ሥር በስለታም መሣሪያ ይለቀማል። ከዚያ ሳንቲሙ አልኮል ውስጥ በሟሟ 3 በመቶ ቤንዞትራያዞል (መዳብን ከዝገት የሚከላከል ኬሚካል) ይነከራል። ኬሚካሉ መርዛማ ነውና ያለ ጓንትና ያለ አየር ማስወጫ አይሞከርም።

ምልክት፦ የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ መሣሪያው (በኤክስሬይ ጨረር የብረትን ዓይነት የሚለየው) ሳንቲሙን «ብር ነው» አለ፤ የተሰበረው ጠርዝ ግን ቀይ ነው።

መሣሪያው አልዋሸም፤ ያየው ላይ ላዩን ነው። ጨረሩ ከብረት ውስጥ መረጃ የሚያመጣው ከሚሊሜትር ክፋይ ጥልቀት ነው። ከመዳብ ጋር በተቀላቀለ ብር ላይ ደግሞ አፈሩ መዳቡን ቀድሞ ስለሚያሟሟው ላዩ ብር ይበዛበታል። የአክሱም ሳንቲም የራሱ ወጥመድም አለው። በአንዳንድ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች ላይ ከንጉሡ ራስ ዙሪያ ብቻ ወርቅ ተቀብቷል። ጨረሩ እዚያ ካረፈ ነሐሱ «ወርቅ» ሆኖ ይመዘገባል! ስለዚህ ፊቱን፣ ጀርባውንና ጠርዙን ለኩ፤ እያንዳንዱ ንባብ የተወሰደበትን ቦታ በፎቶው ላይ ምልክት አድርጉ። ከወርቁ ጋር ሜርኩሪ ከታየ ወርቁ በሜርኩሪ ተቀላቅሎ በእሳት የተለበጠ ሊሆን ይችላል። ያንን መዝግቡት እንጂ አታጽዱት።

ምልክት፦ አዲስ ሣጥን ውስጥ የገባው የብር ዕቃ ጠቆረ፣ ከእርሳስ ብረት የተሠራው ዕቃ ነጭ ዱቄት አወጣ።

ጥፋቱ የሣጥኑ ነው። ሱፍና ጎማ ብርን የሚያጠቁር ሰልፈር ይለቃሉ። እንጨት፣ በተለይ የኦክ እንጨት፣ እርሳስን የሚበላ የአሲድ ትነት አለው። ዕቃውን አውጡና የሣጥኑን ቁሳቁስ ፈትሹ። በብሪቲሽ ሙዚየም የተጀመረው የኦዲ ሙከራ ለዚህ ይሆናል፦ የቁሳቁሱን ቁራጭ ከብር፣ ከመዳብና ከእርሳስ ስስ ቅጠሎች ጋር፣ ትንሽ ውሃ ጨምሮ፣ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አሽጎ በ60 ዲግሪ ለ28 ቀን ማቆየት። ቅጠሎቹ መልካቸውን ከቀየሩ ሣጥኑን ለሌላ ሥራ አውሉት።