የድሮ ሎቢ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት የታችኛውን ጠርዝ እዩ

የድሮ የአሜሪካ ፊልም ሎቢ ካርድ ለምትሰበስቡ (ሲኒማ ቤት መግቢያ ላይ ይለጠፉ የነበሩት ባለ 11 በ14 ኢንች ካርቶኖች፣ አብዛኛውን ጊዜ 8 ሆነው ነበር የሚወጡት) አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ምስሉን ተዉትና ከታች ነጩ ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁጥር አንብቡ። በፈረንጆቹ ከ1940 ጀምሮ አብዛኞቹን የሚያከፋፍለው ናሽናል ስክሪን ሰርቪስ የሚባለው ድርጅት ነበር፣ እሱ ደግሞ እንደ 54/210 አይነት ቁጥር ያትምባቸው ነበር፣ ከመስመሯ በፊት ያለው ዓመቱ ነው፣ በፈረንጆቹ 1954 ማለት ነው። ከቁጥሩ ፊት «አር» የምትለው የእንግሊዝኛ ፊደል ካለች ፊልሙ በድጋሚ ሲወጣ የታተመ ነው፣ የመጀመሪያው ሪሊዝ አይደለም፣ የዋጋ ልዩነቱ ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ግን «አር» ስለሌለች ብቻ እንዳትተማመኑ፣ አንዳንዴ ሳይጽፏት ያልፉ ነበር፣ ስለዚህ ዓመቱን ፊልሙ ከወጣበት ዓመት ጋር አመሳክሩት። የ1930ዎቹ መጀመሪያ ፊልም ሆኖ እንደዚህ አይነት ቁጥር ካለበት በቃ የድጋሚ እትም ነው።

ኮፒ ነው ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ደግሞ ጨለማ ክፍል ውስጥ የዩቪ (የአልትራቫዮሌት ብርሃን) ባትሪ አብሩበት፣ ከ1950ዎቹ በፊት የተሰራ ወረቀት ደብዘዝ ይላል፣ ወደ ሰማያዊ የሚወስደው ደማቅ ነጭ ሆኖ ካበራ ወረቀቱ ዘግይቶ የተሰራ ነው። የፒን ቀዳዳና ትንሽ ቢጫ መሆን እኔን አያስጨንቀኝም፣ እንዲያውም ደስ ይለኛል፣ ሲኒማ ቤት ግድግዳ ላይ የዋለ ካርድ ነዋ። ጠርዙ የተቆረጠውን ግን ባትገዙት ይሻላል፣ ቁጥሯም አብራ ሄዳለች።