ሳቮንሊናን በአራቱም ወቅት እንዴት እንደምትጎበኙ

ፊንላንድ ውስጥ አንድ የሐይቅ ዳር ከተማ ብቻ የማየት ዕድል ካላችሁ ሳቮንሊናን እዩ። ብዙ ሰው ጁላይ ላይ ይሄድና ግንቡን ፎቶ አንስቶ፣ አሳ በልቶ፣ በማግስቱ ይመለሳል። ያየው ግን ሩቡን ነው። ከተማዋ የተቀመጠችው ሳይማ ላይ ነው፤ ሳይማ የፊንላንድ ትልቁ ሐይቅ ነው። ውሃው ሲረጋ አንድ አገር ነው፣ ሲፈታ ደግሞ ሌላ አገር። እኔ የምኖረው ሄልሲንኪ ስለሆነ በአራቱም ወቅት ሄጄበታለሁ። በአንዱ ጉዞ በራሴ ጥፋት ሕይወቴን ላጣ ነበር። ሌላውን ብትዘሉም የበረዶውን ክፍል አትዝለሉት።

1. ወሩን ምረጡ

ክረምት ስል የፈረንጁን ማለቴ ነው። የኛ ክረምት የእነሱ በጋ ነው፤ አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ "ክረምት ላይ እንመጣለን" ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቃቸው የትኛው ወር እንደሆነ ነው። ለበረዶ ፌብሩዋሪና የማርች መጀመሪያ ይሻላል። ለፀሐይ ጁንና ጁላይ። ለቅጠሉ ቀለም የሴፕቴምበር መጨረሻ። ኖቬምበርን ተዉት፤ ይጨልማል፣ ይዘንባል፣ ምድሩን የሚያበራ ነጭ በረዶም ገና አልመጣም። ከአፕሪል አጋማሽ እስከ ሜይ መጀመሪያ ደግሞ ኬሊሪኮ የሚሉት ጊዜ ነው፤ በረዶው ሰው አይሸከምም፣ ጀልባም አያሳልፍም። ያን ሰሞን ሐይቁን ከዳር ሆኖ ማየት ብቻ ነው።

2. ባቡር

ከሄልሲንኪ ወደ ዮኤንሱ የሚሄደውን ያዙ፣ ፓሪካላ ላይ ወርዳችሁ ትንሿን ባቡር ቀይሩ። በጠቅላላው አራት ሰዓት ከምናምን ነው። ቀደም ብላችሁ ብትቆርጡ ይረክሳል። ፑንካሃርዩ ስትደርሱ ስልካችሁን አስቀምጡና በመስኮቱ እዩ፤ ቀጭን የመሬት ጀርባ ነው፣ ግራና ቀኙ ውሃ ነው።

3. አንድ ቦታ ያዙ

ይህን ምክር ማንም አልሰጠኝም፣ ግን ከሁሉም የምወደው ነው። ከገበያው አደባባይ ወደ ኦላቪንሊና ግንብ በሚወስደው የውሃ ዳር መንገድ ላይ አንድ ቦታ ምረጡ። ድንጋይም ይሁን አግዳሚ ወንበር። በሄዳችሁ ቁጥር እዚያው ተቀመጡ። የኔ ቦታ ግንቡ ፊት ለፊት ነው። ግንቡ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1475 ነው፣ ዙሪያውን ውሃ ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ሲገባ ሐይቁ በሙሉ ነጭ ሆኖ እያለ፣ ግንቡ ሥር ያለው ውሃ አይረጋም። ጥቁር ሆኖ ይፈሳል፣ እንደ ጀበና እንፋሎት ይጨሳል፣ ዳክዬዎች ተሰብስበውበታል። ከሥር ኃይለኛ ጅረት ስላለ ነው። ይህን ልብ በሉ፣ ለሚቀጥለው ያስፈልጋችኋል።

4. ክረምት፦ ልብስና በረዶ

ልብሱ ቀላል ነው። ከውስጥ ሱፍ እንጂ ጥጥ አትልበሱ፣ ጫማ አንድ ቁጥር ጨምሩ፣ ጫማ ሥር የሚታሰር ባለ ጥርስ መያዣ ግዙ። ርካሹ በሁለተኛው ቀን ይበጠሳል፣ ጥሩውን ግዙ። ዲሴምበር ላይ ብርሃን የሚኖረው አምስት ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ ጠዋት ተኝታችሁ አታሳልፉ።

አሁን ወደ ሐይቁ። በአማርኛችን ከሰማይ የሚወርደውም በረዶ ነው፣ ውሃ ላይ የሚረጋውም በረዶ ነው። እነሱ ግን ለየዓይነቱ ስም አላቸው፣ ልዩነቱ የነፍስ ጉዳይ ነውና። ቴራስያ የሚሉት፣ የብረት በረዶ እንደማለት፣ ጥርት ብሎ ወደ ጥቁር የሚያደላው ነው። ጠንካራው እሱ ነው። ኮህቫያ የሚሉት ነጣ ያለ ነው፤ ከላይ የወረደው በረዶ ውሃ ጠጥቶ ሲረጋ የሚሠራው ነው። ጥንካሬው የመጀመሪያውን ግማሽ ያህል ነው። አንድ ሰው ለመሸከም ጥርት ያለው ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን ይላሉ። እኔ ከ10 በታች አልረግጥም።

ውፍረት ብቻውን ግን አያድንም፤ እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። አፕሪል መጀመሪያ ነበር። ፀሐይ ወጥታለች፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ በረዶው ደግሞ ወፍራም ነው። የበረዶ ሸርተቴ ዱካ አየሁና ሰው ካለፈበትማ ብዬ ተከተልኩት። ዱካው የቆየ ነበር። ሸምበቆው አጠገብ ስደርስ ቀኝ እግሬ እስከ ጭኔ ገባ። ስንጥቅ አላየሁም፣ ድምፅም አልሰማሁም። ውሃ የነካው ስኳር እንደሚፈርስ ነው የፈረሰው። በጸደይ ፀሐይ በረዶውን ከውስጥ ትበላዋለች፤ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን ጎን ለጎን የቆሙ መርፌዎች ሆኗል። ወደ ኋላዬ ወደቅሁና በክርኔ እየተጎተትኩ ወጣሁ። ዳር ላይ አንድ ሽማግሌ "ተኛ! እንዳትቆም!" እያሉ ይጮሁ ነበር። ስደርስ ምንም አልተቆጡኝም። አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን አውልቀው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

ናስካሊት ይባላል። ጫፋቸው ላይ ሹል ብረት ያላቸው ሁለት መያዣዎች ናቸው፣ በገመድ የተያያዙ። የአሳ ማጥመጃ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ታገኙታላችሁ፣ ውድ አይደለም። ከጃኬቱ ውጪ፣ አንገት ላይ ነው የሚደረገው። ኪስ ውስጥ ከሆነ እንዳልያዛችሁት ቁጠሩት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣት አይታዘዝም። ከገባችሁ ወደመጣችሁበት ዙሩ፣ እስከዚያ ድረስ የተሸከማችሁ በረዶ እሱ ነው። ብረቱን ሰክታችሁ እግራችሁን እንደ ዋናተኛ እያራገባችሁ በሆዳችሁ ውጡ፣ ከዚያ ተንከባለሉ። ለመቆም አትቸኩሉ። የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ነው።

ድልድይ ሥር፣ ሁለት ደሴት የሚቀራረቡበት ጠባብ ውሃ፣ ወንዝ የሚገባበት፣ ሸምበቆ ያለበት፣ የጀልባ ማሰሪያ አጠገብ፤ እነዚህን ራቁ። ብቻችሁን አትግቡ። የተጠረገና ምልክት የተደረገበት መንገድ ካለ ከእሱ አትውጡ፤ አቋራጭ የሚባል ነገር ሐይቅ ላይ የለም። ይህን ሁሉ ካደረጋችሁ ግን ሂዱ፣ አትፍሩ። በረዶ ቀዶ በትንሽ ዘንግ አሳ ማጥመድ ለማንም የተፈቀደ ነው፣ ክፍያ የለውም። ቀዳዳው አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ዝም ስትሉ በረዶው ከሩቅ ሲያቃስት ትሰማላችሁ፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ሌላ ቦታ ሰምቼ አላውቅም።

5. ጸደይና በጋ

ሜይ ላይ የምሄደው ለአቆስጣዋ ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲል (seal) የሚሏት የውሃ እንስሳ ናት። የሳይማ አቆስጣ ከበረዶ ዘመን በኋላ ከባሕር ተቆርጣ እዚህ የቀረች ናት፤ በዓለም ላይ ያሉት ወደ 500 ገደማ ብቻ ናቸው፣ ሁሉም እዚሁ። ሜይ ላይ ፀጉሯን ስለምትቀይር ድንጋይ ላይ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች። ሊናንሳሪ ብሔራዊ ፓርክ የሚወስዱ ጀልባዎች አሉ። ድምፃችሁን ቀንሱ፣ ቅረቡ ብላችሁ ጀልባ ነጂውን አታስቸግሩ።

ጁላይ የኦፔራው ወር ነው። ዝግጅቱ ግንቡ ውስጥ ነው፣ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1912 ተካሄደ፣ ከ1967 ወዲህ በየዓመቱ ነው። ማደሪያ ከወራት በፊት ያዙ። ሹራብ አትርሱ፣ የግንቡ ድንጋይ ማታ ይቀዘቅዛል። ገበያው ላይ የተጠበሰ ሙይኩ ብሉ፣ የጣት ያህል ትንንሽ አሳ ነው፣ ከነአጥንቱ ይበላል። ሎርትሲ የሚሉትንም ቅመሱ፣ የፖም ወይም የሥጋ ያለበት የተጠበሰ ሊጥ ነው።

ጁን መጨረሻ ዩሃኑስ አለ፤ መጥምቁ ዮሐንስ ማለታቸው ነው። እኛ በቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ ችቦ እንደምናበራ እነሱም ሐይቅ ዳር ትልቅ እሳት ያነዳሉ። ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 5 ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ነው። ያን ሰሞን የሚዘጋ ሱቅ አለ፣ ከተማው ወደ ጎጆ ቤቱ ይወጣል። ምግብ ቀድማችሁ ግዙ። የቢምቢ መከላከያም ያዙ፤ ከጫካ ስትመለሱ ደግሞ ሰውነታችሁ ላይ መዥገር እንዳለ እዩ።

6. መኸር

እኛ ጋ አደይ አበባ ሲፈነዳ እዚያ የበርች ዛፉ ያንኑ ቢጫ ይለብሳል። በዚህ ወቅት ሆቴል አልይዝም፣ ምጣድ የሚጣድበት ምድጃ ያለው የሐይቅ ዳር ጎጆ ነው የምከራየው። ጫካ ገብቶ ፍሬና እንጉዳይ መልቀም ለሁሉም ሰው የተፈቀደ ነው፣ ጫካው የግለሰብ ቢሆንም። የሰው ግቢ አጠገብ ግን አትልቀሙ። የማታውቁትን እንጉዳይ በፍጹም አትብሉ፣ የሚገድል አለ።

ቡና ይዛችሁ ሂዱ። ፊንላንዶች ቡና ይወዳሉ፣ አቆላላቸው ግን ለኛ ገርጣ ያለ ነው። ስትቆሉ ከጎጆው ውጪ፣ ሳውናው ደጃፍ ላይ ቁሉት፤ ቤት ውስጥ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ወዲያው ይጮሃል። ውጪ ሲቆላ ሽታው በውሃው ላይ ይሄዳል። ባለፈው ሴፕቴምበር የጎረቤት ጎጆ ባልና ሚስት ሽታውን ተከትለው መጡ፣ ሦስተኛውን ጠጥተው ነው የሄዱት።