ባለ ስድስት ክንድ የበረዶ ቅንጣት ከወረቀትና ከስንደዶ እንዴት ይሠራል?

ገና ሲቃረብ ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ካፌውና ሱቁ መስታወቱ ላይ ነጭ የበረዶ ቅንጣት ይለጥፋል፤ ብዙውን ጊዜ የተገዛ ፕላስቲክ ነው። ወረቀትና ስለታም መቀስ ያለው ሰው ግን ምንም መግዛት አያስፈልገውም። በእጅ የተቆረጠው ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከተገዛው ይበልጣል፤ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልምና።

መቀስ ከማንሳታችን በፊት ስለ ቅርጹ ትንሽ እንበል። ልጆች ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ለሁለት ለሁለት እያጠፉ ሲቆርጡት አራት ክንድ ይወጣዋል። ያምራል፤ የበረዶ ቅንጣት ግን አይደለም። እውነተኛው ስድስት ነው ክንዱ። ውሃ ሲረጋ ሞለኪውሎቹ ስድስት ጎን እየሠሩ ስለሚያያዙ፣ ከዚያ ተነስቶ የሚያድገው ቅንጣትም በስድስት አቅጣጫ ይዘረጋል።

ጮቄ ላይ በክረምት ወርዶ መሬቱን የሚያለብሰው በረዶ ሌላ ነው። እሱ በነጎድጓድ ደመና ውስጥ የረጋ የውሃ ጠብታ ስለሆነ ድብልብል ነው፤ ክንድ የለውም። የበረዶ ቅንጣት የሚሠራው ግን ከእንፋሎት በቀጥታ ወደ በረዶ በሚለወጥ ውሃ ነው። ለዚህ የሥጋ ዘመዱ በብርዱ ወራት ንጋት ላይ ሣሩን የሚያነጣው አመዳይ ነው፤ እሱም የሚበጀው በዚሁ መንገድ ነው። ደጋ ያላችሁ ፀሐይ ሳትነካው ጎንበስ ብላችሁ እዩት፤ ለመቁረጫ የሚሆን ሐሳብ አይጠፋበትም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የፎቶኮፒ ወረቀት 21 በ29.7 ሳንቲ ሜትር ነው። አንዱን ጥግ ወደ ማዶው ረጅም ጠርዝ አምጥታችሁ አግጥሙትና እጠፉት፤ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ተርፎ የሚወጣውን ቁራጭ ቆርጣችሁ አስቀምጡት፣ ለትንንሽ ቅንጣት ይሆናል። የደብተር ወረቀት ስስ ስለሆነ ለመቀስ ይቀላል፤ መስመሩ ግን ያስቀይመዋል።

ሦስት ማዕዘኑን አንዴ ደግማችሁ ለሁለት እጠፉት። የታጠፉት ጎኖች የሚገናኙበት ጥግ የወረቀቱ እምብርት ነው፤ እሱን ወደ ራሳችሁ አዙሩ፣ ክፍቱ ጠርዝ ወደ ላይ ይሁን። ይህን ጥግ ከሌላው ካምታታችሁት ወረቀቱ ሲዘረጋ ቁርጥራጭ ሆኖ ይበተናል።

ቀጥሎ ያለው እጥፋት የሥራው ሁሉ ልብ ነው። እምብርቱ ላይ ያለው ማዕዘን 90 ዲግሪ ነው፤ እኛ ለሦስት እኩል ልንከፍለው ነው፣ 30 በ30። ቀኝ ጎኑን ወደ ግራ እጠፉ፤ የግራውን ደግሞ ከላዩ ወደ ቀኝ አምጡ። መጀመሪያ አትጫኑት፤ ላላ አድርጋችሁ እየገፋችሁ አስተካክሉ። የእያንዳንዱ ጠርዝ ከማዶው እጥፋት ጋር ልክ ሲገጥም ያን ጊዜ በጥፍራችሁ አስምሩበት። ተማሪ ያለበት ቤት ፕሮትራክተር አይጠፋምና በእርሳስ ምልክት ማድረግም ይቻላል። አሁን በእጃችሁ ያለው 12 ድርብ የሆነ ሹል ወረቀት ነው፤ ከላይ እንደ ፍየል ቀንድ ሁለት ጫፍ ብቅ ብሏል።

ቀንዱን ቀጥ አድርጋችሁ አትቁረጡት፤ ሰያፍ ቁረጡት። ከሁለቱ ጎኖች የረዘመው ክንድ ይሆናል፤ ያጠረው ደግሞ በሁለት ክንዶች መካከል ያለው ክፍተት። ይህን ያወቀ ሰው የፈለገውን ቅርጽ ማውጣት ይችላል። ካጠረው ጎን ተነስታችሁ ወደ ረዘመው ጎን ሰያፍ ሰያፍ አድርጋችሁ ጥልቅ ቁረጡ፤ እያንዳንዱ ስንጥቅ ሲዘረጋ ከክንዱ የሚወጣ ቅርንጫፍ ይሆናል። በረዘመው ጎን ላይ ትንንሽ ሦስት ማዕዘን ብቻ ቁረጡለት። ከሁለቱም ጎን የገቡት ቁርጦች እንዳይገናኙ፤ ቢያንስ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይትረፍ። መቀሱን ከማዞር ወረቀቱን ማዞር ይሻላል። በመጨረሻ የእምብርቱን ጫፍ በጥቂቱ ብትቀነጥቡት መሃሉ ላይ ኮከብ ይወጣል።

ስትዘረጉት አትቸኩሉ፣ ቅርንጫፉ ይጠላለፍና ይቀደዳል። ከዚያ በሁለት ንጹሕ ጨርቅ መካከል አድርጋችሁ ለብ ባለ ካውያ ተኩሱት፤ ወይም ከባድ መጽሐፍ ሥር አሳድሩት።

ሞዴል የሚፈልግ ሰው የዊልሰን ቤንትሌይን ፎቶዎች ይይ። አሜሪካ ቬርሞንት ውስጥ የሚኖር ገበሬ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1885 ካሜራና ማይክሮስኮፕ አጋጥሞ የበረዶ ቅንጣትን ፎቶ አነሳ፤ እስኪሞት ድረስም ከ5,000 በላይ ሰብስቧል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ለጎጃም ቤት የሚስማማው የስንደዶው ነው። ስፌት የሚሰፋበት ቤት ስንደዶና አክርማ ሞልቷል። 15 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆኑ ሦስት ቀጥ ያሉ ስንደዶዎች ምረጡ፤ ከደረቁ እንዳይሰነጠቁ ውሃ አርከፍክፉባቸው። መሃላቸውን አነባብራችሁ ስድስቱን ጫፎች በእኩል ርቀት በትኑና እምብርቱን ውሃ ውስጥ በቆየ አክርማ እያመሳቀላችሁ ጠምጥሙት። አክርማው ሲደርቅ ስለሚጨብጥ ሙጫ አያሻውም። ለቅርንጫፍ 3 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ቁራጮችን በየክንዱ ላይ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ በነጭ ክር እሰሩ። ነጭ እንዲሆን የሚፈልግ ክንዱን ቀጭን ጥጥ ያልብሰው፤ ማጣበቂያው አንድ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በአምስት ማንኪያ ውሃ ተበጥብጦ እሳት ላይ እስኪወፍር ማማሰል ብቻ ነው።

ለማንጠልጠል በአንዱ ክንድ ጫፍ ክር አሳልፉ። የወረቀቱ ነጭ በአቡጀዲ ኮርኒስ ላይ አይታይም፤ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ወይም መስኮት ምረጡለት። ሻማና ጧፍ ከሚበራበት ይራቅ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ የወረቀቱን ደብተር መሃል ጨምሩት፤ ስንደዶው ግን ከተጫኑት ስለሚሰበር፣ አይጥ የማይደርስበት ቦታ እንደተንጠለጠለ ይክረም።